ድንበር የሚለየው ኮድ

ስሙኝማ! ከደሴ በአቀስታ አድርጋችሁ ወደ ምዕራብ ስትገሰግሱ፣ ደጋው ወደ አባይ ሸለቆ ከመውረዱ በፊት የቦረናዋን መካነ ሰላም ታገኛላችሁ። ለዛሬ ትረካዬ አንድ የሂሳብ መምህር እዚያ ላቁምላችሁ። ስሙን አትጠይቁኝ፤ የፈጠርኩት እኔ ነኝ። የገጠመው ጣጣ ግን ፈጠራ አይደለም።

መምህራችን ደብተር ማረም እንቅልፍ ነሳውና «ለምን ኮምፒውተር አያርምልኝም?» አለ። ምን ነውር አለው? በ2015 የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና በኮምፒውተር ተሰጥቷል፤ በ2016 ደግሞ ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ከፊሎቹ በኦንላይን ተፈትነዋል። ግን ሁለቱም ምርጫ ናቸው። መምህሩ የሚፈትንበትን ያለእኩልነት በምርጫ ከጠየቃችሁት፣ ብልጡ ተማሪ ሳይሠራ ዜሮን እያስገባ የማይሆኑትን ይጥላቸዋል። መምህሩ «አይሆንም፤ መልሱን ራሳቸው ይጻፉት» አለ።

ጥያቄው −2ሸ + 3 ≥ 11 ነበር። መልሱ ሸ ≤ −4 ነው፤ በነጌቲቭ ሲካፈል ምልክቱ ይገለበጣላ!

እናላችሁ፣ የመጀመሪያው ኮድ መልስን ፊደል በፊደል የሚያስተያይ ሆነ። አንዷ −4 ≥ ሸ ብላ ጻፈች፤ ያው ነው፣ ዜሮ አገኘች። ሌላው ሸ ≤ −8/2 አለ፤ እሱም ዜሮ። ሦስተኛው ≤ን ከቁልፍ ሰሌዳው ቢያጣት =< ብሎ ገጣጠመ፤ ማሽኑ የሚያውቀው <= ነው። አራተኛዋ በአማርኛ ሰሌዳ ‹ን ጻፈች። ለዓይን ከ< አይለይም፤ ለማሽኑ ግን የጥቅስ ምልክት ነው።

መምህሩ ኮዱን ቀየረና በቁጥር ይፈትን ጀመር። −10 ይገባል? −4 ይገባል? ዜሮ አይገባም? ሦስቱን ያለፈ ሙሉ ማርክ! ታዲያ አንዱ ሸ ≤ −3 ብሎ ጽፎ እየሳቀ አለፈ። ሦስቱም ቁጥሮች እሺ አሉለታ! ኮዱ ቅድም ንጹሑን ቀጣ፤ አሁን ጥፋተኛውን ነጻ ለቀቀ።

በሦስተኛው ኮድ ግን መምህሩ የመሬት ሙግት እንደሚዳኝ ሽማግሌ ጠየቀ፦ ድንበሩ የት ነው? መሬቱ በየትኛው ወገን ነው? ድንበሩ ራሱስ ይገባል? አሁን ስህተቱ ሁሉ ለየብቻው ታወቀ። ሸ ≥ −4 ያለው ምልክት መገልበጥ ረስቷል፤ ሸ < −4 ያለችው እኩል መሆንን ጥላለች። ለእያንዳንዳቸው የጎደላቸው ተነገራቸው፤ ማርኩም እንደ ጥፋታቸው ተከፈለ።

ይህ ድካም የእሱ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማይክል ጌጅና አርኖልድ ፓይዘር በ1990ዎቹ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የሂሳብ መልስ የሚያርመውን ዌብወርክን ሠርተዋል። እንግሊዛዊው ክሪስ ሳንግዊን ደግሞ በርሚንግሃም ውስጥ ሆኖ ስታክን ጀመረ፤ ስታክ ስሌቱን ማክሲማ ለተባለ የአልጀብራ ፕሮግራም ይሰጣል። ጎረቤታችን ኬንያ፣ የማሴኖ ዩኒቨርሲቲ ይጠቀምበታል። ሁለቱም በነጻ ይገኛሉ፤ ግቢ ውስጥ ሰርቨር ካለ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ይሠራሉ።

ወደ ሰውዬአችን እንመለስ። ተማሪዎቹ እንዳይኮራረጁ ለእያንዳንዱ የተለያየ ቁጥር እንዲደርሰው አደረገ፦ −ሀሸ + ለ ≥ ሐ። ቁጥሮቹን ዝም ብሎ በዕጣ ቢያወጣቸው ለአንዱ −17/7 መልስ ሆኖ መጣ። ለሌላዋ ሀ ነጌቲቭ ወጣና የሚገለበጥ ምልክት ጠፋ፤ የጥያቄው ቁም ነገር ቀረ። ስለዚህ ከመልሱ ተነሳ። መጀመሪያ መልሱን መን ይመርጣል፤ ሀን ከ2 እስከ 9 ብቻ ያወጣል፤ ከዚያ ሐ = ለ − ሀ × መ። መልሱ ሁልጊዜ ሙሉ ቁጥር ነው፤ ምልክቱም ሁልጊዜ ይገለበጣል።

አበቃ ስትሉ ሸ² − ሸ − 6 > 0 መጣች። መልሷ ሸ < −2 ወይም ሸ > 3 ነው። አንዱ ተማሪ 3 < ሸ < −2 ብሎ አረፈው። ከ3 በልጦ ከ−2 የሚያንስ ቁጥር ከየት ይመጣል? ሦስቱ ጥያቄዎች ለዚህ መልስ አልነበራቸውም፤ ድንበሮቹማ ትክክል ናቸው! መምህሩ እንቅልፍ የነሱትን የአምና ደብተሮች ሲያገላብጥ ይህችው ስህተት በየገጹ ተቀምጣለች። አራተኛ ጥያቄ ጨመረ፦ ይህን የሚያሟላ ቁጥር ጭራሽ አለ?

እንግዲህ መምህራን፣ ኮዱ ለይቶ የሚነግራችሁ እናንተ አስቀድማችሁ ያወቃችሁትን ስህተት ብቻ ነው። ከመጻፋችሁ በፊት ደብተሮቹን አገላብጡ።