ጠበቃና ጠባቂ፦ የማክጊል ወንድማማቾች በ«ቤተር ኮል ሳውል»

በ«ቤተር ኮል ሳውል» ሦስተኛ ምዕራፍ ጂሚ ማክጊል ወደ አንድ የመድን ድርጅት ቢሮ ይገባል። የጥብቅና ፈቃዱ ለአንድ ዓመት ስለታገደ የከፈለው የሙያ ኃላፊነት መድን አረቦን እንዲመለስለት ይጠይቃል። አይሆንም ይባላል። ሊነሣ ሲል እንባው ይመጣል፤ እንባውን እየጠረገም ታላቅ ወንድሙ ቸክ፣ ያ ስመ ጥሩ ጠበቃ፣ በዲሲፕሊን ጉባኤ ፊት አእምሮው እንዴት እንደተናወጠ ሳያስበው ያመለጠው አስመስሎ ይናገራል። ፊቱን አዙሮ ሲወጣ ሐዘኑ ጠፍቷል።

ይህ ሰው ቀደም ሲል ሐሰተኛ ሰነድ አዘጋጅቷል፣ ምስክር በገንዘብ ደልሏል፣ የወንድሙን ቤት ሰብሮ ገብቷል። በመድን ቢሮው የሠራው ግን በየትኛውም የወንጀል ሕግ አያስጠይቅም። ቢሆንም ቸክን የጣለው ይኸኛው ነው። የመድን ድርጅቱ የቸክን የጥብቅና ድርጅት አረቦን ከፍ አደረገ፤ ባልደረባው ሃዋርድ ሃምሊን ከራሱ ኪስ 3 ሚሊዮን ዶላር አውጥቶ ቸክን አሰናበተው፤ ቸክም ከጥቂት ቀናት በኋላ በሌሊት ፋኖሱ የተቀመጠበትን ጠረጴዛ በእግሩ እየመታ ፋኖሱን ጣለውና ከነቤቱ ተቃጠለ። ቪንስ ጊሊጋንና ፒተር ጉልድ የፈጠሩት ይህ የሕግ ድራማ ከ2015 እስከ 2022 በ63 ክፍሎች ሲታይ ዝቅጠትን በዋናነት የለካው ሕግ በማይደርስበት ስፍራ፣ በሁለት ወንድማማቾች መካከል ነው ብዬ እከራከራለሁ።

ድራማው የ«ብሬኪንግ ባድ» ቅድመ ታሪክ በመሆኑ ተመልካቹ መድረሻውን ያውቃል፦ ጂሚ በአልበከርኪ የአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴዎች ጠበቃ፣ ሳውል ጉድማን፣ ይሆናል። ስለዚህ የቀረው ጥያቄ የማን ጥፋት ነው የሚለው ነው። አንዱ ወገን ጂሚን ያበላሸው የቸክ ንቀት ነው ይላል፤ ሌላው ቸክ ገና ከጅምሩ በትክክል አይቶት ነበር ይላል። እኔ የቸክን ማስረጃ እቀበላለሁ፤ ፍርዱን ግን አልቀበልም።

ማስረጃው ይህ ነው። በሁለተኛው ምዕራፍ ቸክ ለጂሚ ፍቅረኛ፣ ለጠበቃዋ ኪም ዌክስለር፣ የአባታቸውን ሱቅ ታሪክ ይነግራታል። በኢሊኖይ፣ ሲሴሮ፣ ሰው አማኙ አባት የከሰረበትን ምክንያት ሳያውቅ ቀረ፤ ቸክ ሒሳቡን ሲመረምር 14,000 ዶላር ጎድሎ አገኘ። ተጠያቂው ጂሚ ነው አለ። ከሁለት ክፍሎች በኋላ ወደ ኋላ ተመልሰን ልጁን ጂሚን ከገንዘብ መሳቢያው ሲያነሣ እናየዋለን፤ ክሱ መሠረት አለው። ነገር ግን በዚያው ትዕይንት አንድ አጭበርባሪ ታሪክ ፈጥሮ ከአባትየው ገንዘብ ሲወስድ፣ አባትየውም ያለ ጥርጣሬ ሲሰጥ እናያለን። ያ ሱቅ ልጁ ባይነካውም የሚጸና አይመስልም። ቸክ ይህን ክፍል አይተርክም፤ ወይም አላየውም።

ጂሚ በበኩሉ ከማጭበርበር ተመልሶ ነበር። በቸክ ድርጅት የፖስታ ክፍል ሥራ ያዘ፣ ከአሜሪካን ሳሞአ ዩኒቨርሲቲ በርቀት ሕግ ተማረ፣ የጥብቅና ፈተናውንም በሦስተኛው ሙከራ አለፈ። ቸክ እንኳን ደስ አለህ ብሎ ከኋላ ሃዋርድ እንዳይቀጥረው አደረገ፤ ሃዋርድም ለዓመታት የክፉ ሰው ጭምብል ለብሶ ኖረ። (የዚህ ድራማ እውነተኛ ተጎጂ ሃዋርድ እንደሆነ ለመረዳት እኔም ጊዜ ወስዶብኛል።) እውነቱ ሲወጣ ቸክ ታናሹን እውነተኛ ጠበቃ አድርጎ እንደማይቆጥረው ፊት ለፊት ነገረው። ሕግ ለቸክ እንደ ብኵርና ነው፤ ለታላቁ የተሰጠ፣ ታናሹ በብልጠት ሊነጥቀው የመጣ።

«ጠበቃ» የሚለው ቃላችን ከ«ጠበቀ» መውጣቱ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ማንን ነው የሚጠብቀው? ቸክ ሕጉን ይጠብቃል፤ ደንበኛው ለእርሱ ከጉዳዩ ቀጥሎ ይመጣል። ጂሚ ሰዉን ይጠብቃል፤ ሳንድፓይፐር በተባለው መኖሪያ ያሉትን አረጋውያን የሚያስተናግደው እንደ ዘመድ ነው፣ ሕጉን ግን እንደ አጥር ይዘለዋል። ከሁለቱ አንድ ሙሉ ጠበቃ ይወጣ ነበር። ቃየል ስለ አቤል ሲጠየቅ የካደው ደግሞ ያንኑ ቃል ነው፤ የወንድሙ ጠባቂ መሆኑን። ማክጊሎቹ ሁለቱም በየሙያቸው ጠባቂዎች ሆነው በዚያ አንድ ጥያቄ ላይ ይወድቃሉ።

የጂሚ የከፋው ሐሰተኛ ሰነድ የሜሳ ቨርዴ ባንክ ጉዳይ ነው። በቸክ ሰነዶች ላይ የአድራሻ ቁጥሩን ከ1261 ወደ 1216 ለወጠ፤ ከኪም ወደ ቸክ ድርጅት ሄዶ የነበረው ደንበኛም ወደ እርሷ ተመለሰ። ቸክ ማንም ሳይነግረው የማን እጅ እንደሆነ ዐወቀ። ያመነው ግን አልነበረም። ከዚያ ኤሌክትሪክ ያመኛል የሚለው ቸክ ሕመሙ የባሰበት መስሎ ቤቱን በፎይል ሸፈነ፤ ጂሚ ሊያጽናናው ብሎ ሲናዘዝ ቴፑ ይቀዳ ነበር። ወንጀሉ ለኪም ካለው ፍቅር፣ ኑዛዜውም ለወንድሙ ካለው ርኅራኄ የመጣ ነው፤ ቸክ ይህን ርኅራኄ መዝገብ ላይ አያያዘው። ከዚህ በኋላ የሁለቱን ዝቅጠት ለይቶ መለካት አይቻልም።

በዲሲፕሊን ጉባኤው ጂሚ የመለሰለት በዚያው መንገድ ነው። ኤሌክትሪክ ያመኛል ባዩን ቸክ፣ በመስቀለኛ ጥያቄው መካከል ጂሚ በደረት ኪሱ የተደበቀ ባትሪ እንዲያወጣ አደረገው። ባትሪው እዚያ 1 ሰዓት ከ43 ደቂቃ ቆይቶ ነበር። ቸክ በጉባኤው ፊት ፈነዳ፤ 1216ን ማግና ካርታ ከወጣበት ዓመት በአንድ እንደሚበልጥ ጠቅሶ እንዲህ ያለ ስህተት እንደማይሠራ መሟገቱ ሳይቀር፣ የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር። እውነት ተናግሮ ተሸነፈ። የቀድሞ ሚስቱም ጂሚ ጠርቷት ተቀምጣ ታይ ነበር።

የጥላቻው ሥር ግን ችሎት ውስጥ የለም። እናታቸው በሞት አፋፍ ላይ ሳለች ቸክ ለቀናት ከአጠገቧ አልተለየም፤ ጂሚ ሳንድዊች ሊገዛ ወጣ ሲል ነቃችና የታናሹን ስም ጠራች፣ አጠገቧ ያለውን ሳይሆን። ጂሚ ተመልሶ የተናገረችው ነገር እንዳለ ሲጠይቅ ቸክ ምንም አላለችም አለ። ሕግን እንደ ታቦት ያከበረ ሰው የሰጠው ሐሰተኛ ምስክርነት ይህ ነው፤ ማንም አላስማለውም፣ ማንም አይከስሰውም። የጠፋው ልጅ ሲመለስ ከግብዣው ውጭ የቆመውን ታላቅ ወንድም የሚያስታውስ ተመልካች ቸክን ሳይወድም ያዝንለታል።

ከቸክ ሞት በኋላ ጂሚ ፈቃዱን ያስመለሰው በጉባኤ ፊት ስለ ወንድሙ አልቅሶ ነው። ዳኞቹ አብረው አዘኑ፤ እርሱ ግን ከአዳራሹ ሲወጣ አፌዘባቸው፣ ወዲያውም በሌላ ስም ለመሥራት ጠየቀ። በእኔ ዕይታ ሳውል ጉድማን የተወለደው እዚህ ነው፤ የዕፅ ነጋዴዎቹ መስመር፣ ግሩም ሆኖ ቢሠራም፣ ለዚህ ውድቀት አያስፈልግም ነበር።

በመጨረሻው ክፍል ከዕድሜ ልክ እስራት ሊያመልጥ 7 ዓመት ተኩል ተደራድሮ የነበረው ሰው በችሎት ተነሥቶ ሁሉንም ያምናል፤ 86 ዓመት ይፈረድበታል። ከወንጀሎቹ መካከል የመድን ቢሮውን ጉዳይ ይጨምራል። ጠበቃው ያ ወንጀል እንኳ እንዳልሆነ ይነግረዋል። በዚያው ክፍል ወደ ኋላ ተመልሰን ጂሚን የቸክን አስቤዛና ጋዜጣ ይዞ ጨለማው ቤት ሲገባ እናየዋለን። ቸክ ተቀምጠህ ስለ ደንበኞችህ ብናወራስ ይለዋል። ጂሚ ሥራ አለብኝ ብሎ ይወጣል፤ ቸክም ፋኖሱንና የጀመረውን መጽሐፍ አንሥቶ ወደ ውስጥ ይገባል።