ቃላት በማን አጠገብ ይሰለፉ?

በምሥራቅ ጎጃም የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ጉንደ ወይን የምትገኝበት አካባቢ፣ ዲማ ጊዮርጊስን የመሳሰሉ ስመ ጥር የአብነት ትምህርት ማዕከላትን ያቀፈ በመሆኑ፣ ቃላትን አሰልፎ ማጥናት የታተመ መዝገበ ቃላት ከመምጣቱ አስቀድሞ የጸና ልማድ ነበር። በቅኔ ቤት ግስ፣ ማለትም የግእዝ ግሦች ከነትርጉማቸው የሚጠኑበት ትምህርት፣ የሚደረደረው በፊደል ተራ ሳይሆን በእርባታ ነው፤ ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ባረከና ሌሎች አለቃ ግሦች አርእስት ይባላሉ፣ እነርሱን ተከትለው የሚረቡት ደግሞ ሠራዊት ይሰኛሉ። ስለዚህ ነገረ፣ «ይነግር» ስለሚል ከቀተለ ቤት ይገባል፤ ፈጸመ ግን «ይፌጽም» ስለሚል ከቀደሰ ቤት ይቆጠራል።

የፊደል ተራን ይዘው የመጡት መዝገበ ቃላት ሌላ ጉርብትና ፈጠሩ። ጀርመናዊው ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ የአማርኛና የላቲን መዝገበ ቃላቱን እ.ኤ.አ. በ1698 ዓ.ም.፣ ሚሲዮናዊው ኢዘንበርግ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛና ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚተረጉመውን እ.ኤ.አ. በ1841 ዓ.ም. አሳተሙ። እንግሊዝኛ ብዙውን ጊዜ ቅጥያውን በቃሉ መጨረሻ ስለሚጨምር ራይት (ጻፈ) እና ራይተር (ጸሐፊ) በፊደል ተራም ቢሆን አይለያዩም። ግእዝና አማርኛ ግን ምዕላዱን፣ ማለትም በቃሉ ላይ የሚጨመረውን ድምፅ፣ ከፊትም ስለሚያስቀድሙ፣ ጸሐፊ ከ«ጸ» ሲገኝ መጽሐፍ ወደ «መ» ሄዶ ከመጽናናትና ከመጽዋች ጋር ይሰለፋል። ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በ1948 ዓ.ም. በታተመው የግእዝ መዝገበ ቃላታቸው ሥሩን መሠረት አድርገው፣ ፊደሉንም በአበገደ (አ፣ በ፣ ገ፣ ደ እያለ በሚሄደው) ተራ አሰልፈው ስለሠሩ፣ ይህ የዘመድ መለያየት ይቀራል፤ በዚህም ሥራው ለቅኔ ቤቱ ሥርዓት የቀረበ ነው።

ባዕድ የሚመስሉ የእንግሊዝኛ ጎረቤት ቃላትም ቢሆኑ ሁልጊዜ ባዕዳን አይደሉም። በአንድ ፊደል ብቻ የሚለያዩ፣ አነባበባቸውም አንድ የሆነ ሁለት ቃላት ስቴሽነሪ ይባላሉ፤ አንዱ ከቦታው የማይንቀሳቀስ ማለት ሲሆን፣ ሌላው በከተሞቻችን የሱቅ ታፔላ ላይ የሚነበበው የጽሕፈት መሣሪያ ነው። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ፣ እየዞረ ከሚሸጠው ነጋዴ ተለይቶ በዩኒቨርሲቲ አጠገብ ቋሚ ሱቅ የነበረው መጽሐፍ ሻጭ በላቲን ስታሲዮናሪዩስ ይባል ስለነበር፣ የሁለቱም ሥር መቆም ነው። ተማሪው ይህን ሲሰማ ልዩነታቸውን ይይዛል፤ በተራ ሽምደዳ ግን ያምታታቸዋል።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ በሚሰጥበት በዚህ ዘመን፣ የጉንደ ወይን የእንግሊዝኛ መምህራን ቃላቱን በፊደል ተራ ከማስሸምደድ ይልቅ፣ የአካባቢያቸው ቅኔ ቤት ግሦችን በየቤታቸው እንደሚያሰልፍ ሁሉ፣ ከሥራቸውና ከዘመዶቻቸው ጋር እያሰለፉ ቢያስተምሩ ይበጃል።