ካርታው እንደ ትልመ ታሪክ፦ የዳንጀን ንድፍ ከ1971 እስከ 1983

በሥነ ጽሑፍ ጥናት መቼትን አብዛኛውን ጊዜ የምናየው ድርጊት የሚፈጸምበት መድረክ አድርገን ነው፤ ገጸ ባሕርያቱና ትልመ ታሪኩ ይቀድማሉ፣ መቼቱ ይከተላል። በዚህ ጽሑፍ የሚታየው ግን ቅደም ተከተሉ የተገለበጠበት የትረካ ዓይነት ነው። አስቀድሞ ቦታው ይነደፋል፤ ታሪኩ በኋላ፣ ያውም በሌሎች ሰዎች አንደበት ይፈጠራል። ይኸውም በ1970ዎቹ በአሜሪካ የተስፋፋው፣ ተጫዋቾች የየራሳቸውን ገጸ ባሕርይ ይዘው ጠረጴዛ ከበው የሚተርኩት ጨዋታ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ዳንጀን» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ከግንብ ሥር ያለ እስር ቤትን ያመለክታል። በጨዋታው ግን ትርጉሙ ሰፍቶ ከመሬት በታች ያሉ ክፍሎችን፣ መተላለፊያዎችንና ዋሻዎችን ሁሉ ያጠቃልላል። ለዚህ መነሻ የሆነው የሚኒሶታው ዴቭ አርነሰን ነው። አርነሰን በ1971 አካባቢ፣ ብላክሙር ባለው ምናባዊ ግዛቱ ውስጥ ካለው ግንብ ሥር ደረጃ በደረጃ የሚወርዱ ዋሻዎችን በግራፍ ወረቀት ላይ ነደፈ። ጓደኞቹ እስከዚያ የለመዱት የጦር ሜዳ ጨዋታ ነበር። ከሜዳ ወደ ጉድጓድ መውረዱ እንዲሁ የመጣ አይመስልም። ሜዳ ላይ ያለ ተጫዋች ወዳሻው ስለሚሄድ አጫዋቹ ካላሰበበት ቦታ ይደርሳል። ግድግዳ ግን ምርጫውን ወደ ሁለትና ሦስት በር ያጠበዋል፤ አጫዋቹም አስቀድሞ ሊዘጋጅ ይችላል። እንግዲህ ግድግዳው የደራሲ መሣሪያ ነው ማለት ነው።

አርነሰን በ1972 መገባደጃ ግድም ይህንኑ ለዊስኮንሲኑ ጋሪ ጋይጋክስ አሳየው። በሁለቱ ስም የወጣው «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» በ1974 በ1,000 ቅጂ ታተመ። ከሦስቱ ትናንሽ መጻሕፍት ሦስተኛው፣ አጫዋቹ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት የምድር ውስጡን ካርታ እንዲያዘጋጅ ያዝዛል። በጥልቀት በተወረደ ቁጥር አደጋውም ሀብቱም ይጨምራል። የልብ ወለድ ደራሲ ግጭቱን ምዕራፍ በምዕራፍ እንደሚያከርረው ሁሉ እዚህ ያንን የሚሠራው ደረጃው ነው፤ መቼ እንደሚወረድ የሚወስኑት ግን ተጫዋቾቹ ናቸው።

የአጫዋቹ ካርታ ስውር ነው። እርሱ በቃል ይናገራል፤ ከተጫዋቾቹ አንዱ እየሰማ ይስላል። ስለዚህ በጠረጴዛው ላይ ሁለት ካርታዎች አሉ፦ ዋናው፣ ከጆሮ የተቀዳውም። መጽሐፉ ሐሰተኛ ደረጃዎችን፣ ሳይታወቅ የሚያዘቀዝቁ መተላለፊያዎችንና ቦታ የሚለውጡ ክፍሎችን የሚመክረው ሁለተኛው ካርታ እንዲፋለስ ነው። በቃል ሲነገር የተጻፈ ድርሰት ምን እንደሚደርስበት የሚያውቅ የሥነ ቃል ተማሪ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ዋናው ክርክር ያለው ግን በመስመሩ ቅርጽ ላይ ነው። የጋይጋክስ «ቱም ኦቭ ሆረርስ» (የሰቆቃ መቃብር) በ1975 ለውድድር ቀርቦ በ1978 ታተመ። ሁለት ሐሰተኛ መግቢያዎች አሉት፤ እውነተኛውን ያገኘ ግን በአመዛኙ በአንድ መንገድ ይመራል። ለውድድር ይህ ተገቢ ነው፤ የተለያዩ ቡድኖች የሚመዘኑት አንድ ዓይነት ፈተና ሲገጥማቸው ነውና። ለትረካ ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ ተጫዋቹ የተጻፈለትን ገጽ ከመግለጥ ያለፈ ድርሻ አይኖረውም።

በ1979 የወጣው የጄኔል ጃክዌይስ «የትራኪያ ዋሻዎች» ሌላውን መንገድ ያሳያል። መግቢያው ብዙ ነው፤ በደረጃዎቹ መካከል የሚያገናኙ መወጣጫዎች በርካታ ናቸው፤ መተላለፊያዎቹ ዞረው ይገጥማሉ። ፍርስራሹ የሞት አምላክ የታናቶስን አምልኮ ጨምሮ፣ በየዘመኑ የሠፈሩበትን ወገኖች አሻራ ስለያዘ ቦታውን መመርመር ታሪኩን ማንበብ ይሆናል። በየትኛው በኩል ቢገቡ፣ ማንን ቀድመው ቢያገኙ ታሪኩ ይለወጣል። ጃክዌይስ ትልመ ታሪክ አልጻፈችም፤ ትልመ ታሪኮች የሚበቅሉበትን መሬት አዘጋጀች እንጂ። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት የዘመኑ ምርጥ ሥራ ይህ ነው።

በ1983 የትሬሲና የሎራ ሂክማን «ሬቨንሎፍት» በዴቪድ ሰዘርላንድ ካርታዎች ግንቡን በሦስት ገጽታ አቀረበ፤ አንባቢው ጣሪያውንና ምድር ቤቱን በአንድ ዓይን ያያል። ወሳኞቹ ዕቃዎች የት እንዳሉ የሚወሰነው ግን በሚነበብ የጥንቆላ ካርድ ነው። ካርታው አንድ ሆኖ ትልሙ በየጨዋታው ይለያያል። ሂክማኖች ለታሪክ አድልተው ቢጽፉም ቦታውን ክፍት ትተውታል።

የጃክዌይስ አነዳደፍ ስም ያገኘው ዘግይቶ ነው። በ2010 አንድ የጨዋታ ጸሐፊ ከቤተሰብ ስሟ ግስ መሥርቶ፣ ካርታን በብዙ መንገድ እያገናኙ መንደፍን በእርሱ ጠራው። እርስዋ በ1990ዎቹ መጨረሻ ወደ ኮምፒውተር ጨዋታ ተሻግራ በኢድ ሶፍትዌር የ«ኩዌክ 3 አሬና» ካርታዎችን ከነደፉት አንዷ ሆናለች፤ በጥር 2024 አረፈች።