ከጦር ሰፈር የወጣው ሥጋ

እህቶቼ፣ የኮሪያ ድራማ የምታዩ በአንድ ድስት ዙሪያ ተሰብስበው የሚበሉትን ቀይ ወጥ ታውቁታላችሁ። ከነዚህ ወጦች አንዱ «ቡዴ ጂጌ» ይባላል፤ የጦር ሰፈር ወጥ እንደማለት ነው።

የኮሪያ ጦርነት እ.ኤ.አ. ከ1950 እስከ 1953 ቆየ። የኛም የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች እዚያ ተዋግተዋል። ጦርነቱ ሲቆም ሕዝቡ ተርቦ ነበር። የአሜሪካ ጦር ሰፈር ውስጥ ግን የታሸገ ሥጋና ቋሊማ ሞልቷል። ከሴኡል በስተሰሜን ባለችው ኡይጆንግቡ ከተማ፣ ከሰፈሩ የተረፈውም በድብቅ የወጣውም እየተገዛ በበርበሬና በኪምቺ፣ ማለትም በኮመጠጠ ጎመን፣ ይሠራ ጀመር።

ሕጉ ግን ይህን አልፈቀደም። ዕቃው ቀረጥ ሳይከፈልበት ለወታደሩ የገባ ነው፤ ወታደሩ ይበላዋል እንጂ አይሸጠውም። ከአጥር ሲወጣ ኮንትሮባንድ ሆነ። ስለዚህ የሸጠው ብቻ ሳይሆን ገዝታ ወጥ የሠራችውም ትጠየቅ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1987 ስፓም የሚባለው የታሸገ ሥጋ እዚያው ኮሪያ በሕጋዊ መንገድ መመረት ጀመረ። ሥጋው ያው ነው፣ ወጡም ያው ነው፤ የተለወጠው የመጣበት መንገድ ነው። ዛሬ ኡይጆንግቡ የምትታወቀው በዚሁ ወጥ ነው።

እኔን ያሳሰበኝ የኛ ነገር ነው። ማዳም «ውሰጂ፣ ብዪ» ያለችሽን ብትሸጪው፣ ወይም ሰው በርካሽ ያመጣልሽን ብትገዢ፣ ነገር ሲመጣ የምትያዢው አንቺ ነሽ። እና እህቴ፣ ዋጋውን ብቻ አትጠይቂ፤ ከየት እንደወጣም ጠይቂ።