የሐይቁ አፋፍ

"ያደግኩት ደብረ ዘይት ነው" ስል አዲስ አበባ ውስጥ የምሰማው መልስ አንድ ዓይነት ነው። "ታድለሽ!" ሰው የሚያስታውሰው ሐይቅ ዳር የበላውን ዓሣ፣ የተሳፈረበትን ጀልባ ነው። እኔ ደግሞ የጀሪካን ሰልፍ። ሐይቆች በከበቧት ከተማ፣ እኛ ሰፈር ቧንቧ የሚመጣው በፈረቃ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ የአዲስ አበባ መኪኖች ሲገቡ መንገድ ዳር ቆመን ታርጋ እንቆጥራለን።

ከተማዋን የማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ይያዝልኝ። ዋነኞቹ ሐይቆቿ እንደ ሐዋሳ ከመንገዱ ጋር እኩል ተዘርግተው የሚታዩ አይደሉም። የቀለጠ ዓለት ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ተገናኝቶ ሲፈነዳ የተቦረቦሩ ጉድጓዶች ናቸው። የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀት ከ80 ሜትር ያልፋል፤ የውሃው ገጽ ራሱ ከአፋፉ ብዙ ዝቅ ያለ ነው። ትንሽ ራቅ ብላችሁ ብትቆሙ ሐይቅ መኖሩን አታውቁም። ሐይቁን ለማየት አፋፉ ላይ መቆም የግድ ነው። አፋፉ ደግሞ ቀለበት ነው፣ ቀለበት ለማጠር ይመቻል። እንደኔ እንደኔ የከተማዋ ታሪክ አፋፉ ላይ ማን ቆመ የሚለው ነው።

ድሮ የከብት ነበር። ሆራ በኦሮምኛ ከብት የሚወደው ማዕድን ያዘለ ውሃ ነው፤ ቢሾፍቱ በሚለው ስም ውስጥም ቢሻን፣ ማለትም ውሃ፣ ይሰማል። በ1909 ዓ.ም. ሐዲዱ አዲስ አበባ ሲደርስ ከተማዋ ከዋና ከተማው 45 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቅ የባቡር ጣቢያ ሆነች። ለሽርሽር ልክ የሆነች ርቀት። ንጉሡ ሐይቅ ዳር ቤተ መንግሥት ነበራቸው፤ በእርሳቸው ዘመን ስሟም ደብረ ዘይት ተባለ።

በ1930ዎቹ መጨረሻ ስዊድናውያን በካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን መሪነት አየር ኃይሉን እዚሁ አደራጁ። ሰውዬው በጣሊያን ወረራ ጊዜ የቀይ መስቀል አውሮፕላን ያበረረ፣ በ1969 ዓ.ም. ደግሞ ጎዴ ላይ የሞተ ነው፤ የእሱ ነገር ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል። አባቴ ቴክኒሻን ስለነበር ለኛ አየር ኃይል ማለት ደመወዝ ነበር። ደብረ ዘይትን ከተማ ያደረጋት ከሐይቁ ይልቅ የወር ደመወዝ ነው ብዬ ብከራከር የሚረታኝ ያለ አይመስለኝም።

ሐምሌ 1967 ደርግ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወርስ አፋፉ ለሁሉም ይከፈታል ብለው ያሰቡ ነበሩ። እናቴ አንዷ ናት። "ሰዎቹ ወጡ፣ ዘበኛው ቀረ" ትላለች። ከዚያ በኋላ ሎጁና ሪዞርቱ መጣ፣ የፍጥነት መንገዱ ተከፈተ፣ ስሟም ወደ ቢሾፍቱ ተመለሰ። የታክሲ ረዳቱ ግን ዛሬም "ደብረ ዘይት! ደብረ ዘይት!" እያለ ነው የሚጭነው።

ነዋሪ የሚያውቀው፣ እንግዳ የማያየው ነገር አለ። በብርዱ ወራት፣ ከኅዳር እስከ ጥር፣ የላይኛው ውሃ ይቀዘቅዝና ከብዶ ይሰምጣል፤ ኦክስጅን የሌለው የታችኛው ውሃ ይወጣል። አንዳንድ ዓመት ዓሣው በጅምላ ሞቶ ይንሳፈፋል። ልጅ ሳለሁ "ሐይቁ ተቆጣ" ይባል ነበር። ሳይንሱን ካወቅሁ በኋላም ያ አባባል አልተወኝም።

በዓመት አንድ ቀን ቀለበቱ ይከፈታል። ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ፣ ኢሬቻ ሆራ አርሰዲ ላይ ሲከበር፣ ሕዝቡ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ እስከ ውሃው ይወርዳል። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. ግን አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰ፤ የሸሸው ሕዝብ ጉድጓድ ውስጥ እየወደቀ ተረጋገጠ። መንግሥት የሞተው 55 ሰው ነው አለ፤ ሌሎች ቁጥሩን ከዚያ በብዙ ያስበልጡታል። ያን ቀን ጫማቸው የወለቀባቸው ልጆች ግቢያችን ገቡ። እናቴ እግራቸውን አጠበችላቸው። አንዱ ትቶት የሄደው አንድ እግር ጫማ ለብዙ ጊዜ ደረጃው ሥር ነበር፤ ማንም ሊጥለው አልደፈረም።

ባለፈው ጥር እናቴን ሐይቅ ዳር ቡና ላጠጣት ወሰድኳት። በሩ ላይ ዘበኛው መኪናውን አይቶ "እንግዶች ናችሁ?" አለ፣ በትሕትና። የመግቢያውን ዋጋ ነገረን።

"ልጄ፣ እዚህ ከተማ ሃምሳ ዓመት አልፎኛል" አለችው።

"ልክ ነዎት እማማ፣ ግን መመሪያ ነው።"

ከፍለን ገባን። ጥሩ ቦታ ሰጡን፤ ሐይቁ ከእግራችን ሥር ነበር። እናቴ ብዙ ዝም ብላ አየችውና አስተናጋጁን ጠራችው።

"ዘንድሮ ዓሣው ሞተ እንዴ?"

ልጁ ደነገጠ። "ኧረ እማማ፣ እዚህ እንዲህ ያለ ነገር የለም!"

ሲሄድ ጠብቃ ወደኔ ዞር አለች። "አገሩ ሌላ ነው፣ ምን ያድርግ" አለችና ቡናዋን አነሳች።