ጩኸቱ የደከመበት አቅጣጫ

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። አንድ ሰው ጭር ባለ አነስተኛ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ሬዲዮ ደረቱ ላይ አስጠግቶ ቀስ እያለ በቆመበት ይዞራል። ከሬዲዮው የሚወጣው ጩኸት አንዴ ይጎላል፣ አንዴ ይሳሳል። በጣም የደከመበት አቅጣጫ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ምልክቱን የጋረደው የራሱ ገላ ነው፤ የሚፈልገው አውሮፕላን ከጀርባው አለ ማለት ነው። ዞሮ ወደዚያው ይራመዳል። ሲነጋ መደበኛ ሥራው ይጠብቀዋል፤ ለዚህ ሌሊት ደመወዝ የለውም።

የአሜሪካው ሲቪል ኤር ፓትሮል በእንዲህ ያሉ ሰዎች የቆመ ድርጅት ነው። የተመሠረተው ዲሴምበር 1 ቀን 1941 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ፐርል ሃርበር ከመደብደቡ ስድስት ቀን ቀደም ብሎ ነበር። በዓመቱ የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች በምሥራቁ ጠረፍ የነዳጅ መርከቦችን ሲያጋዩ፣ በዕድሜ ወይም በጤና ምክንያት ጦሩ ያልተቀበላቸው አብራሪዎች ጭምር በግል አውሮፕላኖች ባሕሩን ይጠብቁ ጀመር። ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላኖቹ ለውቅያኖስ የተሠሩ አልነበሩም። በ18 ወር 24 ሚሊዮን ማይል በረሩ፤ 26 ሰው ሞተባቸው።

ከዚያ ትውልድ ለእኛ የምትቀርበው ዊላ ብራውን ናት። በ1942 የድርጅቱ የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊ መኮንን ሆነች። የወጣችው ከቺካጎ ጥቁር አብራሪዎች ማኅበር ነው፤ ከማኅበሩ መሥራቾች አንዱ ደግሞ በ1935 አገራችን መጥቶ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የበረረው ጆን ሮቢንሰን ነው። ሮቢንሰን የአቪዬሽን ትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጠው በጽዳት ሠራተኛነት ነበር። በ1954 በአውሮፕላን አደጋ ሞቶ አዲስ አበባ ተቀበረ።

ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1948፣ ድርጅቱ በሕግ የአየር ኃይል ረዳት ሆነ፤ የጠፉ አውሮፕላኖችን መፈለግም ዋና ሥራው ሆነ። የድርጅቱን የአካባቢ ቡድን፣ ስኳድሮን፣ መምራት ከሩቅ ሲያዩት በረራ ይመስላል። ለእኔ ግን ከባዱ ነገር ላይመጣ ለሚችል ጥሪ ሰውን በየሳምንቱ ምሽት ሰብስቦ ዓይኑን ማሠልጠን ነው። ዓይን እየተንሸራተተ አያይም፤ ቆም፣ አየት፣ ፈቀቅ ማለትን መልመድ አለበት። ከ1,000 ጫማ ከፍታ ሲታይ የተከሰከሰ አውሮፕላን አውሮፕላን አይመስልም። የተሰበረ ቅርንጫፍ፣ ጠቆር ያለ መሬት፣ ነፋስ የበተነው ወረቀት የሚመስል ነጭ ነገር ነው። ይህን የማያውቅ ሰው በላዩ ላይ አልፎ ይሄዳል።

በ1967 ካሊፎርኒያ ተራሮች ላይ አንድ አነስተኛ አውሮፕላን ወደቀ። በውስጡ የነበሩት እናትና ልጅ ወደ ሁለት ወር ገደማ በሕይወት ቆይተው ማስታወሻ ይጽፉ ነበር። ስብርባሪውን የዱር እንስሳ አዳኞች ያገኙት ከወራት በኋላ ነው። አውሮፕላኖች ሲወድቁ በራሱ የሚጮኽ ሬዲዮ እንዲይዙ የሚያስገድደው ሕግ ከዚህ ሐዘን ተወለደ።

ሬዲዮው አዲስ ሸክምም አመጣ፤ አብዛኛው ጩኸት የሐሰት ነበር። አውሮፕላን ሲያርፍ ጠንከር አድርጎ መሬት ከነካ ሬዲዮው መጮኽ ይጀምራል፤ በአውሮፕላን ማቆያው ሀንጋር ውስጥ ሲነካካም ይጮኻል። በፌብሩዋሪ 2009 ሳተላይቶች የድሮውን 121.5 ሜጋኸርዝ ማዳመጥ አቆሙ፤ በ406 የሚሠራው አዲሱ መሣሪያ የማን እንደሆነ ስለሚናገር፣ መጀመሪያ ለባለቤቱ ስልክ ይደወላል። የጠፋ ሰውን የሞባይል ዱካ የሚከታተሉ በጎ ፈቃደኞችም ተጨምረዋል። መሣሪያ ብቻውን ግን ሁልጊዜ አይበቃም፤ ዝነኛው በራሪ ስቲቭ ፎሴት በ2007 ከኔቫዳ ተነሥቶ ሲጠፋ ሳምንታት የፈጀው ፍለጋ አላገኘውም። ከዓመት በኋላ መታወቂያውን ያገኘው በእግሩ ተራራ ይወጣ የነበረ ሰው ነው።

ያ ሬዲዮ የያዘው ሰው ጩኸቱን እየተከተለ ሀንጋር በር ላይ ይደርሳል። ውስጡ ደህና የቆመ አውሮፕላን አለ፤ ሰው የለበትም። ባለቤቱ ተጠርቶ ጩኸቱን ያጠፋዋል። ፈላጊውም ሰዓቱን መዝገቡ ላይ ጽፎ፣ የሬዲዮውን ባትሪ ለሚቀጥለው ጥሪ ይቀይራል።