ጓዝና ሰፈር

ቤት ሊቀይር የተነሣ ሰው በአማርኛ ሁለት ቃላትን ሳይጠራ ከደጁ አይወጣም። “ጓዜን ጠቅልዬ” ይላል፤ ቀጥሎም “አዲሱ ሰፈሬ” ይላል። ሁለቱንም የወረስናቸው ከዘማች ሠራዊት ነው። ጓዝ ከጦሩ ኋላ በአጋሰስና በሰው ጫንቃ የሚጓዘው ስንቅ፣ ድንኳንና የቤት ዕቃ ነበር። ሰፈር ደግሞ ያ ሁሉ ጓዝ የሚራገፍበት ቦታ ነው። “ከተማ” እንኳ ዛሬ ፎቅና አስፋልት ከማስታወሱ በፊት፣ ንጉሥና ሠራዊቱ የከተሙበት ስፍራ ማለት ነበር።

“ሰፈረ” ሌላም ፍቺ አለው፤ እህል ሰፈረ፣ ለካ ማለት ነው። የሁለቱ ፍቺዎች ጉርብትና ለእኔ ትርጉም የሌለው አይመስለኝም። በአባቶቻችን ዘንድ መስፈር ማለት በደረሱበት መውደቅ አልነበረም፤ በልክና በሥርዓት ማረፍ ነበር። ላለፉት ሃያ ዓመታት የአዲስ አበባ ሕዝብ ጓዙን እየጠቀለለ ወደ ገርጂ፣ ወደ ሰሚት፣ ወደ አያት፣ ወደ ቦሌ አራብሳ ሲጎርፍ በተመለከትሁ ቁጥር፣ ይህ የተረሳ ሥርዓት ትዝ ይለኛል።

በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ አገራችን የገባው ካህን ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስድስት ዓመት ያህል ቆይቶ ባየው ላይ መጽሐፍ ጽፏል። ከገለጻቸው ነገሮች አንዱ የዐፄ ልብነ ድንግል ተንቀሳቃሽ ከተማ ነው። የንጉሡ ድንኳኖች ከፍ ባለ ስፍራ ይተከላሉ። የአብያተ ክርስቲያናቱ፣ የዳኞቹ፣ የመኳንንቱ ድንኳኖች ሁሉ የታወቀ ቦታ አላቸው፤ ገበያውም እንደዚሁ። ከተማው ዛሬ ከዚህ ተነሥቶ ነገ ከዚያ ቢያርፍ አቀማመጡ አይለወጥም። በመሆኑም በሺህ የሚቆጠር ድንኳን መካከል ሰው የሚፈልገውን ሰው ድንኳን አያጣም። መሬቱ አዲስ ነው፤ ጎረቤቱ ግን የትናንቱ ነው።

ይህ ሥርዓት በሹመት ስሞቻችን ውስጥ ታትሞ ቀርቷል። ፊታውራሪ ከፊት የሚቀድመው፣ ቀኛዝማች በቀኝ የሚያዘምተው፣ ግራዝማች በግራ የሚያዘምተው፣ ደጃዝማች የደጁ አዝማች ነው። ማዕርጎቹን ዛሬ በታሪክ መጽሐፍ ስናነባቸው የክብር ጌጥ ይመስሉናል። መነሻቸው ግን እያንዳንዱ ሰው በጉዞና በሰፈር የት መገኘት እንዳለበት የሚያመለክት ነበር። ታቦታቱም አብረው ይጓዙ ነበር፤ እንደ ጓዝ በአጋሰስ ተጭነው ሳይሆን፣ በካህናት ተይዘው በታላቅ ክብር።

ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ከመሠረቱ በኋላ የድንጋይ ግንብ የድንኳኑን ቦታ ለጊዜው ያዘ። የድንኳኑ ዘመን ግን በዚያ አላበቃም።

በታሪካችን ከተደረጉት የጓዝ ጉዞዎች ሁሉ ልብ የሚሰብረው የዐፄ ቴዎድሮስ የመጨረሻው ጉዞ ነው። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። ከጓዛቸው መካከል በጋፋት የተሠራው ሴባስቶፖል ነበረ፤ ክብደቱ 70 ኩንታል ገደማ ነው። እርሱን ለማሳለፍ ተራራ መናድ፣ ገደል መድልደል፣ በጅጣና በበሽሎ ሸለቆዎች መንገድ መጥረግ ግድ ሆነ። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ ከሠራተኛው ጋር ይደክሙ ነበር። ጉዞው ወራትን ፈጅቶ በመጋቢት መቅደላ ደረሱ። ሚያዝያ 6 ቀን ሕይወታቸው አለፈ።

እኔ ይህን ታሪክ በቤት ለቃቂ ዓይን ስመለከተው አንድ ነገር ጎልቶ ይታየኛል። ከባዱ ዕቃ ሳይሰበር ደረሰ፤ ሰዉ ግን አልደረሰም። አገሩ ቀድሞ ሸፍቶባቸው፣ ሠራዊቱም እየከዳ ተመናምኖ ነበር። ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ አለ። ከብረቱ ይልቅ የሚከብደው፣ አብሮ የሚሰፍረውን ሰው ይዞ መጓዝ እንደሆነ ይመሰክራል።

አዲስ አበባም የተወለደችው ከሰፈር ነው። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ቁልቁል ወደ ፍልውኃ ወርደው ለስፍራው ስም ሲያወጡ፣ ሰፈሩ እንደ ቀድሞዎቹ ሰፈሮች የሚነሣበት ቀን የማይመጣ አይመስልም ነበር። በ1893 ዓ.ም. ገደማ ዐፄ ምኒልክ የማገዶ እጥረት አስጨንቋቸው ወደ አዲስ ዓለም ለመሄድ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ነገር ግን መኳንንቱና የውጭ መልእክተኞቹ በአዲስ አበባ ቤት ሠርተዋል፤ ባሕር ዛፉም እየተስፋፋ የማገዶውን ችግር አቃለለ። ለአዲስ ዓለም የታሰበው ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ አዲስ አበባም ባለችበት ጸናች። ስትተከል ሥርዓቷ የድንኳኑ ሥርዓት ነበር። ቤተ መንግሥቱ ከጉብታው ላይ፣ መኳንንቱ በዙሪያው በተሰጣቸው ቦታ፣ ተከታዩ ሁሉ በጌታው ግቢ አጠገብ ሰፈረ። ባሕሩ ዘውዴ የአዲስ አበባን ቀደምት ሰፈሮች ባጠኑበት ጽሑፋቸው ይህን አመጣጥ አሳይተዋል። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ካሳ ሰፈር፣ የቤተ መንግሥቱ ባለእጆች የሰፈሩበት ሠራተኛ ሰፈር፣ ሁሉም ድንኳናቸው ወደ ጭቃ ቤት የተለወጠ የዘማች ማረፊያዎች ናቸው። ካዛንቺስ ግን ከሌላ ወራሪ ጓዝ የተረፈ ስም ነው፤ ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት ያሠራበት ድርጅት አሕጽሮተ ስም በእኛ አፍ ተሞርዶ የቀረ ነው።

ከዚያ በኋላ ሰዉ ለረጅም ጊዜ ከቦታው እንዳይነቃነቅ ያደረገው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ፤ ኪራያቸውም ቀነሰ። ቤቱ ቢጠብም፣ ጣሪያው ቢያፈስም፣ መጸዳጃው የጋራ ቢሆንም ተከራዩ ከዚያ የሚሻል አላገኘምና ልጆቹን በዚያው ወለደ፣ በዚያው ዳረ፣ ወላጆቹን ከዚያው ቀበረ። በአንድ ግቢ ውስጥ ሦስት ትውልድ ቡና ተጠራራ። ድኅነቱን ማስዋብ አልሻም፤ ያን ኑሮ የኖረ ሰው ጭስና እርጥበቱን ያውቀዋል። ነገር ግን በዚያ ጥበት ውስጥ አንድ ትልቅ ሀብት ተከማችቶ ነበር። ዕድሩ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ብረት ድስት ነበረው። ሐዘን በደረሰ ጊዜ ጡሩንባው ተነፍቶ ድንኳኑ በደጅ ሲተከል፣ ማን ውኃ እንደሚቀዳ፣ ማን ለቀስተኛ እንደሚያስተናግድ፣ ማን ወደ መቃብር እንደሚቀድም ሁሉም ያውቅ ነበር። የልብነ ድንግል ከተማ ሥርዓት ከዕድር ድንኳን ሥር ገና በሕይወት የነበረ ያህል ይሰማኛል።

የከተማይቱ ምሥራቅ ታሪኩ ሌላ ነው። ቦሌ የእርሻ መሬት ነበር፤ በ1950ዎቹ አውሮፕላን ማረፊያው ከልደታ ወደዚያ ሲዛወር ከተማዋ ፊቷን ወደዚያ መለሰች። በደርግ ዘመን አንድ የጣሊያን የሕንፃ ሥራ ድርጅት ቤቶች ሠራና ስሙን ትቶ ሄደ፤ ሲኤምሲ። በ1996 ዓ.ም. በገርጂ የመጀመሪያዎቹ የሙከራ ኮንዶሚኒየሞች ቆሙ። በ1997 ዓ.ም. ለቤት የተመዘገበው ሰው ከ450 ሺህ በላይ ነበር። ከዚያም ዕጣ መውጣት ጀመረ። በኋላ 20/80 የተባለው መርሐ ግብር ባለዕድሉ ሃያ በመቶውን በቅድሚያ ቆጥቦ ሰማንያ በመቶውን በባንክ ብድር እንዲከፍል ያደርግ ነበር። ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ ለሚ ኩራ የተባለ ክፍለ ከተማ እስኪወለድ ድረስ ምሥራቁ በሰው ተሞላ።

ዕጣ ፍትሐዊ ነው፤ ዘመድ አይልም፣ ሹም አይልም። ይሁን እንጂ ዕጣ ቀኝና ግራ አያውቅም። ከአንድ ግቢ የወጡ ሁለት ጎረቤታሞች አንዷ ለየካ አባዶ፣ ሌላዋ ለቦሌ ቡልቡላ ይደርሷቸዋል። ቡና የተጠራሩበት አርባ ዓመት በሁለት ታክሲ ርቀት ይከፈላል። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አካባቢ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ይኸው ሆነ። ብዙዎች ለመሰናዳት ያገኙት ጊዜ አጭር ነበር። በዚያ አጭር ጊዜ ቁም ሣጥን ይፈታል፣ ቆርቆሮ ይነቀላል፤ ዕድር ግን በጥቂት ቀን ተፈትቶ የሚጫን ነገር አይደለም።

ቋንቋችንም ለውጡን ቀድሞ አውቆታል። በምሥራቅ “ሰፈርህ የት ነው?” ተብሎ የተጠየቀ ሰው ብዙ ጊዜ “ሰሚት ሳይት፣ ብሎክ ይህን ያህል” ብሎ ይመልሳል። ሳይት ግንበኛው የሚጠራው ስም ነው፤ ግንባታው ካለቀ በኋላ ሊነሣ ይገባው ነበር። ሰዉ ግን በቤቱ ውስጥ ልጅ ወልዶ እያሳደገ ገና ሳይት ይለዋል። ሰፍሮ ያልጨረሰ ሰው ቃል ነው።

ታዲያ ከአባቶች ሰፈር ለዛሬ ለቃቂ የሚተርፍ ስንቅ ምንድን ነው? እኔ ሦስት ነገር አገኛለሁ።

አንደኛው ፊታውራሪ መላክ ነው። ከቤተሰቡ አንድ ሰው ከጓዙ በፊት ይሂድ። ብዙዎቹ የኮንዶሚኒየም ቤቶች ውስጣቸው ሳይጨረስ የተላለፉ ናቸውና ውኃው በየትኛው ቀን እንደሚመጣ፣ መብራቱ ምጣድ ይችል እንደሆነ፣ አልጋው በጠባቡ ደረጃ ያልፍ ወይስ በገመድ በበረንዳ ይሳብ እንደሆነ አስቀድሞ ይወቅ። ከጫኝና አውራጆቹም ጋር ዋጋውን መኪናው ከመድረሱ በፊት ይነጋገር። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ከግራና ከቀኝ ያለውን በር አንኳኩቶ ስሙን ይናገር። ባልታወቀ አገር ድንኳን አይተከልም።

ሁለተኛው የጭነት ሥርዓት ነው። መጨረሻ የተጫነ መጀመሪያ ይወርዳል። ስለዚህ በመጀመሪያው ምሽት የሚያስፈልገው ሁሉ፣ ምንጣፉ፣ ብርድ ልብሱ፣ የልጆቹ ልብስና መድኃኒቱ፣ በአንድ ማዳበሪያ ታስሮ ከአይሱዙው ጫፍ ይቀመጥ። ካርቶኖቹ ላይ የያዙት ነገር ይጻፍባቸው። ሸክላው ምጣድ በጋቢ ተጠቅልሎ፣ ጀበናው በእናቶች እቅፍ ይሂድ። እናቶቻችን ይህን ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁታል። የቤት ካርታው፣ የአባት ፎቶግራፍ፣ የዳዊት መጽሐፉም ከዕቃ ጋር አይጫኑ፤ እንደ ታቦታቱ በእጅ ይያዙ።

ሦስተኛውና ከሁሉ የተረሳው ደጀን መተው ነው። ሠራዊት ሲነሣ ከኋላ የሚቀር ይኖራል። ቤተሰቡ ከለቀቀ በኋላም አንድ ሰው ይቆይ። የዕድሩን መዝገብ ያስተካክል፣ የእቁቡን ቀሪ ይክፈል፣ ከማኅበሩ ይሰናበት ወይም በአባልነት ይቀጥል፣ የጎረቤቶቹን አዲስ አድራሻ በአንድ ደብተር ይሰብስብ። ይህ ደብተር ከጓዙ ሁሉ ቀላሉ ነው፤ የጠፋ ቀን ግን ከሴባስቶፖል ይከብዳል።

ተስፋ የሚሰጥም ነገር አለ። እሑድ ጠዋት ከምሥራቅ ወደ መሐል ከተማ በሚወርዱት ታክሲዎች ውስጥ ነጠላቸውን ያጣፉ አረጋውያንን አያለሁ፤ ሰፈራቸው ፈርሶም ወደ አሮጌው ዕድራቸው ስብሰባ የሚሄዱ ናቸው። በብሎኮቹም መካከል አዳዲስ ድንኳኖች መተከል ጀምረዋል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 370 የጋራ ሕንፃ ባለቤቶች ማኅበር እንዲያቋቁሙ ይደነግጋል። ማኅበሩ ስለ ውኃ መሳቢያና ስለ ጥበቃ ይመክራል፤ ለለቅሶ ግን ሕግ አላስፈለገም፣ ሰዉ ራሱ ብር አዋጥቶ የብሎኩን ዕድር መሠረተ። ለጋራ መጠቀሚያ ተብለው በየግቢው የተሠሩት ቤቶች በር የሚከፈተውም ብዙ ጊዜ በእነዚህ ዕድሮች እጅ ነው። የመጀመሪያው ሐዘን በደረሰ ሌሊት ስሙን የማያውቁት የአራተኛ ፎቅ ሰው ወንበር ተሸክሞ ሲወርድ፣ ሳይቱ ሰፈር መሆን ይጀምራል።

አዲስ ቤት የገባን ሰው ልንጠይቅ ስንሄድ ከደጁ ቆመን “ቤት ለእንቦሳ” እንላለን፤ ባለቤቱም “እንቦሳ እሰሩ” ብሎ ይመልሳል። በአራተኛ ፎቅ ላይ ጥጃ የሚታሰርበት ቦታ የለም። ምርቃቱ ግን ዛሬም የሚሠራው መላሽ ሲኖረው ነው፤ አንዱ ከውጭ ብሎ ሌላው ከውስጥ ካልመለሰ ቤቱ አልተመረቀም። ስለዚህ ወደ ምሥራቅ የምትወጡ ወገኖቼ፣ መኪናው ከመነሣቱ በፊት አንዴ ቆጠራ አድርጉ፤ ዕቃውን ብቻ ሳይሆን፣ በአዲሱ ደጃችሁ ቆሞ “ቤት ለእንቦሳ” የሚላችሁን ሰው ጭምር።